ሰላምታ የነፈገች ቮልስ

በር መዝጋት የተማርኩት በሮቤና በጎባ መካከል ከሚመላለሱት ሚኒባሶች ነው። የእነዚያን መኪኖች በር ቀስ ብላችሁ ከዘጋችሁት አይዘጋም፤ ረዳቱም "ወንድሜ፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?" ብሎ ሰው ፊት ያሳፍራችኋል። ስለዚህ እኔ በር ሲገጥመኝ ትከሻዬን ሰብሰብ፣ ጥርሴን ነከስ አድርጌ ነው የምወረውረው። የቤታችን መቀርቀሪያ በዓመት ሁለቴ ይቀየራል። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ የክፍሌን በር ስዘጋ ከጎን ያለው ክፍል ተማሪዎች ደብተራቸውን ሰብስበው ይነሳሉ፤ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ሳስተምርም ሌላ ማሳያ ፈልጌ አላውቅም።

ይህን አስቀድሜ የምናዘዘው፣ በኋላ "እንዴት ያቺን የመሰለች መኪና ለእንዲህ ያለ ሰው ይሰጣሉ?" ብላችሁ አማቴን እንዳትወቅሱብኝ ነው። አማቴ ስለ በር አመሌ አያውቁም ነበር።

አማቴ ሀጂ ቃሲም ይባላሉ። ሮቤ ገበያው አጠገብ ገመድና ጆንያ ይሸጣሉ። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የያዟት አንዲት ሰማያዊ ቮልስ አለቻቸው። ከባለቤቴ ከሰሚራ በአሥር ዓመት ስለምትበልጥ ሰሚራ "ታላቅ እህቴ" ነው የምትላት። የቀኝ በሯ መስታወት እንደተዘጋ ከተገተረ ብዙ ዓመቱ ነው፤ አይወርድም፣ አይወጣም። የግራው፣ የሹፌሩ ወገን ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሀጂ ዝናብ ሆነ ብርድ ያንን መስታወት ቁልቁል አውርደው፣ ክንዳቸውን ወደ ውጭ አውጥተው ነው የሚነዱት። ለነፋሱ ብለው እንዳይመስላችሁ፤ ለሰላምታ ነው።

ሰላምታቸው ደግሞ እጅ ማወዛወዝ አይደለም። መኪናዋን ያቆማሉ። "አካም ቡልተን? ነጋ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ?" ይላሉ። እንዴት አደራችሁ፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቶቹ ደህና ማለት ነው። ሰውየው ከብቶቹ ደህና ናቸው ብሎ በጅምላ ሊያልፍ ቢሞክር አይለቁትም፤ የትኛዋ ወለደች፣ የትኛዋ ነጠፈች ይላሉ። ላሟ የታመመችበት ሰው ከሆነ ሞተር ያጠፋሉ። ከቤታቸው እስከ ሱቃቸው በእግር አሥራ አምስት ደቂቃ ነው፤ በመኪና አንድ ሰዓት።

እኔን ሀጂ "ባርሲሳ" ነው የሚሉኝ። በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ የክብር መጠሪያ ነው፣ አልከፋኝም። ነገር ግን ጎባ ያለውን ሌላውን አማቻቸውን "ኢልማ ኮ" ይሉታል። ልጄ ማለት ነው። እሱ ከሰርጉ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ነው "ኢልማ ኮ" የሆነው፤ እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ባርሲሳ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት! በዚህ ጊዜ ውስጥ ያስተማርኳቸው ልጆች ራሳቸው መምህራን ሆነዋል። እንዲህ ባለው ነገር የሚቀና ሰው ትንሽ ነው ካላችሁ፣ ትንሽ ነኝ።

እንግዲህ አንድ እሑድ ሀጂ ለእህታቸው ልጅ ሰርግ ወደ ገሰራ ሊሄዱ ሆነ። መንገዱ ለቮልሷ አይመችም ብለው በአውቶቡስ ለመሄድ ወሰኑ። ከመሄዳቸው በፊት ጠሩኝና ቁልፏን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ፤ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልኩ።

"ባርሲሳ፣ ነገ ኑሪያን ጎባ ለቅሶ ቤት ለተዚያ አድርስልኝ" አሉኝ። ኑሪያ ባለቤታቸው፣ የኔ አማት ናቸው። "አንድ ነገር ብቻ አደራ። በሩን ከመዝጋትህ በፊት መስታወቱን ሁለት ጣት ዝቅ አድርገው። ይቺ መኪና አየር የሚወጣበት ካላገኘች በሯን አትዘጋም። ስትገፋት ትቆጣለች።"

"እሺ ሀጂ።"

"ስንት ጣት አልኩህ?"

"ሁለት ጣት።"

በማግስቱ ጎባ ለቅሶ ቤት ደረስን። ዝናብ ያካፋ ስለነበር መስታወቱን እስከ ላይ ዘግቼዋለሁ። እማማ ኑሪያ በቀኝ በኩል ወረዱ። እኔ በግራ ወረድኩ። ከዚያ ትከሻዬ በራሱ ጊዜ ተሰበሰበ፣ ጥርሴ በራሱ ጊዜ ተነከሰ።

መስታወቱ ሲፈርስ ያሰማው ድምፅ አጭር ነበር። ግማሹ በሩ ሆድ ውስጥ ወረደ፣ ግማሹ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ። ድንኳን ውስጥ የነበሩት ሰዎች "ሱብሃነላህ!" እያሉ ወጡ። ሊያጽናኑ የመጡት እማማ ኑሪያ ራሳቸው ይጽናኑ ጀመር። ሐዘንተኛዋ ሳትቀር አቅፋቸው "አላህ ሰብር ይስጥዎ" አለቻቸው። እማማም "አሚን" ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሀጂ ዓርብ ነው የሚመጡት" አሉኝ፤ "እኔ ምንም አላየሁም።" ይህን ብለው ሻርፓቸውን እስከ ቅንድባቸው አወረዱት። ወደ ሮቤ የተመለሱትም ብቻቸውን በሚኒባስ ነው።

መኪናዋን እዚያው ጎባ ጋሽ ታዬ ጋራዥ ወሰድኳት። ጋሽ ታዬ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው መካኒክ ናቸው። "የማይገጥም ዕቃ የለም፤ የማይገፋ ሰው እንጂ" የሚል አባባል አላቸው፤ ይህን ስሰማ ተነሥቼ መሄድ ነበረብኝ።

"የቮልስ በር መስታወት?" አሉኝ ከት ብለው ስቀው። "በዚህ አገር ሌላ እንዲህ ያለች ቮልስ አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው ያለችው።"

"ማን ጋ?" አልኩ በጉጉት።

"ሀጂ ቃሲም የሚባሉ ሰው ጋ፤ ሮቤ።"

"አማቴ ናቸው። መኪናዋም ይቺው ናት።"

ጋሽ ታዬ ቮልሷን ዞረው አዩዋት። ከዚያ ኮፍያቸውን አወለቁ። የመጣብኝ ነገር ክብደት የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ትክክለኛው መስታወት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንታት እንደሚፈጅ ነገሩኝ። እኔ ያለኝ እስከ ዓርብ ነው። ትምህርት ቤት ደውዬ "የባለቤቴ ታላቅ እህት ጎኗ ተሰብሮ ጎባ ይዣት መጥቻለሁ" አልኩ። ርዕሰ መምህሩ አዝኖ ፈቀደልኝ። መቼም አልዋሸሁም።

በጋራዡ ግቢ ሣር የበቀለበት አሮጌ አውቶቡስ አለ። ጋሽ ታዬ ከሹፌሩ መቀመጫ ጀርባና ከበሩ ደረጃ አጠገብ ያሉትን ሁለት መከለያ መስታወቶች አሳዩኝ። "ዝርግ ነው፣ እንደ ልብ ይቆረጣል፤ ትንሽ ይወፍራል እንጂ" አሉ። የደረጃውን አንሥተው ረቡዕ ረፋዱ ላይ ልክ እንደ ቮልሷ መስታወት አድርገው ቆረጡት። ጠርዙን ሞረዱት። ያማረ ሥራ ነበር። ግድግዳ ላይ አስደገፉትና "በል ሻይ እንጠጣ" አሉ። ወጣን። የጋራዡን የብረት በር የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ጋሽ ታዬ ተመልሰው ገቡ፣ ስብርባሪውን አዩ፣ ወጡ፣ እጄን አዩ። ከዚያ በኋላ ጋራዡ ውስጥ በር መንካት ተከለከልኩ፤ ስገባም ስወጣም በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ሆነ። አንዲት አሮጊት በዚያ ስሾልክ አይተውኝ "ሌባ!" ብለው ጮኸውብኛል፤ እሱን ተዉት።

የቀረው ከሹፌሩ ጀርባ የነበረው መስታወት ነው። ሐሙስ ጠዋት በቀዳዳዬ ሾልኬ ስገባ ጋሽ ታዬ ነጭ የቀለም ጽሑፍ በምላጭና በቤንዚን ሲፍቁ ደረስኩ። የቀረችው የመጨረሻዋ "ነው" ብቻ ነበረች።

"ምን የሚል ነበር?" አልኳቸው።

"የድሮ ወሬ ነው" ብለው "ነው"ንም ፋቋት።

ቀጥሎ የበሩ ዙሪያ ጎማ መጣ። የድሮው ጎማ ደርቆ እንደ ቋንጣ ይሰባበር ነበር፤ መስታወቱ ሲፈርስ እሱም አብሮ ረገፈ። ጋሽ ታዬ ከአንድ የሞተ ፍሪጅ በር ላይ ጎማውን ገፈው አመጡ። ውስጡ ማግኔት እንዳለበት ታውቃላችሁ፤ የፍሪጅ በር ሲጠጋ ልጥፍ የሚያደርገው እሱ ነው። "ይህን ከገጠምንለት ዝናብ አይደለም ሐሜት አያስገባም" አሉ። እኔም ደስ አለኝ። ሀጂ እንዲያውም ይመርቁኛል ብዬ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው።

ችግሩ መስታወቱ ወፍራም ስለሆነ በመሄጃው ውስጥ አልንሸራተት አለ። ቅባት ያስፈልገዋል። ጋሽ ታዬ ግሪስ ጎማ ይጎዳል አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ሳሙና አልቋል። ተያየን።

"ቅቤ ጎማ ይጎዳል?" አልኩ።

ይህችን ጥያቄ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ ማንንም አልወቅስም። ገበያ ሄጄ ለጋ ቅቤ ገዛሁ። ጋሽ ታዬ በጣታቸው እየዛቁ መሄጃውን ሞሉት፣ ከላይም ከታችም ለቀለቁት። ለአንድ አራስ የሚበቃ ቅቤ በር ውስጥ ገባ። ከዚያ በእኩለ ቀን ፀሐይ እጀታውን አዞርኩ፤ መስታወቱ ያለ ድምፅ ወረደ፣ ያለ ድምፅ ወጣ። አቀፍኳቸው።

እዚህ ላይ ስለ ሙያዬ ላስታውሳችሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ "ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ይቀንሳል" ብዬ የምጽፍ ሰው ነኝ። ተማሪዎቼ ከፈተና በፊት ይህን ያጠናሉ። የሮቤ ጠዋት ቅቤን ምን እንደሚያደርግ ግን በዚያች ቀትር ለእኔ ትዝ አላለኝም።

ሀጂ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጡ። ቮልሷን ዞረው አዩአት። "ማሻአላህ፣ አጥበሃታል" አሉኝ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው አሸተቱና "ጨጨብሳ ጨጨብሳ ትሸታለች" አሉ። እማማ ኑሪያ ፈጠን ብለው "እኔ ነኝ፣ መንገድ ላይ ቁርስ በልቼ ነው" አሉ። ምንም ያላዩ ሴት ይህን ያህል ካደረጉልኝ፣ ቢያዩ ኖሮ ምን ሊያደርጉልኝ ነበር?

ቅዳሜ ጠዋት ጉም ነበር። ትምህርት ስለሌለ ከሀጂ ሱቅ ትይዩ፣ የፀጉር አስተካካዩ የሁሴን በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ ብዬ ነበር። ቮልሷ በስድስት ደቂቃ ደረሰች።

ሁሴን ምላጩን ከደንበኛው ጉንጭ ላይ አነሣ። እኔም አየሁ። የሹፌሩ መስታወት እስከ ላይ ተዘግቷል። መኪናዋ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ስለሌላት መስታወቱ በሙሉ በእስትንፋስ ነጭ ሆኗል። በዚያ ነጭ ላይ ደግሞ፣ ጋሽ ታዬ በምላጭና በቤንዚን የፋቁት ጽሑፍ ፊደል በፊደል ቆሞ ይታያል። የአውቶቡሱ ባለቤት ተሳፋሪ እንዳይፍቀው ብሎ ከሹፌሩ ወገን በግልባጭ አስጽፎት ኖሯል፤ ስለዚህ ከውጭ ለሚያየው ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

"ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ግን የጠራው ሲጎም ነው።

ከጽሑፉ ጀርባ የሀጂ ጥላ ይንቀሳቀሳል። የፊቱን መስታወት ጉም በመዳፋቸው እየጠረጉ ነበር፤ ከውጭ ለሚያይ ግን "ሂዱ፣ ወዲያ ሂዱ" የሚሉ ነው የሚመስለው። አትክልት ሻጯ ወይዘሮ አስናቀች "አካም ቡልተን ሀጂ!" ብላ እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ቮልሷ ሱቁ በር ላይ ቆመች። ሀጂ አይወርዱም። መስታወቱ ሳይወርድ በሩን ስቦ የዘጋው የፍሪጁ ጎማ ይዟቸዋል። ሁሴን ሮጦ ሄዶ በሁለት እጁ፣ አንድ እግሩን በሩ ሥር አስደግፎ ሲስበው "ጥፍ" ብሎ ተላቀቀ።

ሀጂ ወጡ። ማንንም ሰላም አላሉም። የግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው ይዘው ሱቅ ገቡና ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ተከትዬ ገባሁ።

"ባርሲሳ" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "መስታወቱን ማውረድ አቃተኝ። ሰውነቴ ሁሉ ደህና ነው፤ ክንዴ እምቢ አለ። እርጅና በክንድ ነው እንዴ የሚጀምረው?"

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አፌን ከፈትኩ። ልናገር ነበር፣ ወላሂ ልናገር ነበር። ግን አሥራ ሁለት ዓመት የጠበቅኳት ቃል ለዘላለም ልትቀር ነው ብዬ ፈራሁና "ብርዱ ይሆናል ሀጂ" አልኩ። አፈርኩ። እስከ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

በዚያን ቀን ሮቤ ሌላ ሥራ አልሠራችም። ሀጂ ቃሲም ከተማውን ተቀይመዋል። በቃል መናገሩ ስላስጠላቸው በመስታወት ላይ አስጽፈዋል። አንዱ "ገሰራ ላይ ሰው አስቀይሟቸው ነው" ይላል። ሌላው "አይ፣ እኛው ነን፤ ባለፈው ላማቸው ብዙ ወተት ሰጠች ሲባል አልመረቅንም" ይላል። ሁሉም ሌሊቱን የራሱን ጥፋት ሲፈልግ አደረ። ፈልጎ ያላገኘም አልነበረም።

እሑድ ማለዳ ሰሚራ ስልኳን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀሰቀሰችኝ። "ተነሥ! አባዬ ቤት ሽማግሌ ሞልቷል። ደግሞም መኪናዋን ሊሸጣት ነው።"

"ማንን?"

"ታላቅ እህቴን!"

ስደርስ ግቢው ውስጥ ቮልሷ አጠገብ አሥር ያህል ሰው ተቀምጧል። ከፊት የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ተደግፈዋል፤ ከእግራቸው ሥር ለዕርቅ ያመጡት የሪራ ማር በጣሳ ተቀምጧል። ሀጂ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል።

"ሀጂ" አሉ ኦቦ ገመቹ፣ "አርባ ዓመት ሰላም ሲሉን ኖረው ትናንት ዘጉብን። በደላችንን ይንገሩንና እንካስ።"

ሀጂ ስለ ክንዳቸው እያሰቡ ነበርና አልመለሱም። ዝምታው ረዘመ። ዝምታ ደግሞ መጥፎ ነገር ነው፤ ሁሴን አልቻለውም።

"ሀጂ፣ ይቅር ይበሉኝ" ብሎ ተነሣ። "ፂማቸው የቆመው በኔ ሙያ ነው እንጂ ሁለት ፍሬ ብቻ ነው የቀረው ብዬ ለደንበኛ ያወራሁት እኔ ነኝ።"

ሀጂ ቀና ብለው አዩት። ይህን ሰምተው አያውቁም ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች ተነሣች። "ያኔ ጎመንዎን የጨረሰው ከርከሮ አይደለም። የኔ ፍየል ናት። ከርከሮ ነው ብዬ አብሬዎት ዱካ የፈለግኩት ለይምሰል ነው።"

ሦስተኛው ተነሣ። "መጥረቢያዎ ጠፋ ሲሉ አብሬ ስፈልግ የዋልኩት ... እኔ ቤት ነው ያለው። እጀታውን ቀይሬለታለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁመው! ሀጂ ዝም ባሉ ቁጥር ሰው "ሌላም ያውቃሉ" እያለ ይጨምራል። ሁሴን ሁለት ጊዜ ተነሣ። ኦቦ ገመቹ ራሳቸው፣ ሽማግሌው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አንድ በግ አንድ ነገር ሊሉ ሲጀምሩ ሀጂ እጃቸውን አነሡ።

"ጎበዝ፣ እኔ ማንንም አልተቀየምኩም" አሉ። "ይህን ሁሉ ጉድም ዛሬ ገና መስማቴ ነው። መስታወቱን ማውረድ አቅቶኝ ነው። ክንዴ ደከመ። ሰው ሰላም ማለት ካልቻልኩ መኪና ምን ያደርግልኛል? ከጎሮ አንድ ሰው ሊያያት ይመጣል፤ እሸጣታለሁ።"

ሀጂ ወደ ቮልሷ ዞረው ጣሪያዋን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት። ያን ጊዜ ነው ጉልበቴ በራሱ ያቆመኝ።

"ክንድዎ ደህና ነው፤ ቅቤ ነው!" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ኑዛዜዬን ከሚኒባሶቹ ጀመርኩ። ሁለት ጣት፣ ድንኳኑ፣ የጋራዡ በር፣ የአጥሩ ቀዳዳ፣ ፍሪጁ፣ ለጋው ቅቤ፤ አንድም አላስቀረሁም። እማማ ኑሪያ በመስኮት ብቅ ብለው "እኔ ምንም አላየሁም!" አሉና ገቡ።

ሀጂ ወደ ሰዉ ዞሩ። ከወፍጮ ቤት የመጣ፣ የስንዴ ጆንያ ብቻውን የሚያነሣ አንድ ተሸካሚ ነበረ። "ና እስቲ፣ ያንን እጀታ አዙርልኝ" አሉት። ሰውየው እጁን አሻሽቶ ገባ። አዞረ። እምቢ አለ። ጥርሱን ነክሶ አዞረ፣ መኪናዋ ተነቃነቀች፣ አንገቱ ላይ ሥሮቹ ተገተሩ፤ መስታወቱ ፍንክች አላለም። ላቡን እየጠረገ ወጣና "ይህን ሰው አያወርደውም" አለ።

የሀጂ ፊት በራ። እንዲህ ሲበራ አይቼ አላውቅም። የግራ ክንዳቸውን ከጋቢው አውጥተው ዘረጉ፣ አጠፉ፣ ዘረጉ። "ገመቹ! ክንዴ ደህና ነው!" አሉ። "አልሀምዱሊላህ! ክንዴ ደህና ነው!" ተሸካሚውን አቀፉት፣ ሁሴንን ከነፂሙ ወሬ አቀፉት፣ ፍየሏን ማሩ፣ መጥረቢያውን ግን ዛሬውኑ አምጣ አሉ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ፀሐይ ወጥታ ኖሯል። የቮልሷን በር ከነካችው ቆየች። ድንገት ማንም ሳይነካው መስታወቱ ቀስ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደና በሩ ውስጥ ገብቶ አለቀ። ከሥሩ የቀለጠ ቅቤ ጠብ ጠብ አለ።

"እሱም በሽማግሌ ፊት አፈረ" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ከዚያ ፍርድ ተቀመጠ። ማሩ እየተላሰ ብዙ ተመከረ። በመጨረሻ ኦቦ ገመቹ ተነሥተው ተናገሩ። "መምህሩ የሀጂን ሰላምታ ሰብሯል። ስለዚህ ትክክለኛው መስታወት ከአዲስ አበባ እስኪመጣ፣ ሀጂ በወጡ ቁጥር ከመኪናዋ ፊት ፊት በእግሩ እየሄደ የሀጂን ሰላምታ ለሰው ያድርስ። በየቀኑ ቅቤው እስኪቀልጥ።"

ይግባኝ አልነበረውም። እኔም እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ከትምህርት ቤት በፊት በሮቤ ዋና መንገድ ላይ ተጓዝኩ። እኔ ከፊት፣ ቮልሷ በእግር እርምጃ ከኋላዬ። "ሀጂ አካም ቡልተን ብለዋል! ልጆቹ ደህና? ከብቶቹስ?" እላለሁ። ሰውየው "ጥቁሯ ላም አልበላ ብላለች" ይላል። ሮጬ ወደ መኪናዋ ሄጄ በጎመው መስታወት ላይ አፌን አስጠግቼ እጮሃለሁ፤ ሀጂ ከውስጥ ይጮሃሉ፤ ሮጬ እመለሳለሁ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ብለዋል!" ተማሪዎቼ በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ያዩኛል። በሁለተኛው ሳምንት የከተማውን ላሞች በስም አወቅኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጥጃ ስትወለድ ባለቤቱ ከሀጂ በፊት ለእኔ ደወለልኝ። እንደ ክብር ቆጠርኩት፤ ምን ላድርግ፣ ትንሽ ነኝ ብያችኋለሁ።

መስታወቱ መጣ። ሻጩ ጥንድ ካልሆነ አልሰጥም ስላለ የቀኙም አብሮ መጣ። ጋሽ ታዬ ሮቤ ድረስ መጥተው፣ በሳሙና፣ ከትክክለኛው ጎማ ጋር ገጠሙት። በማግስቱ ማለዳ ሱቃቸው በር ላይ ሀጂ የግራውን አወረዱ፤ ወረደ። የቀኙን አወረዱ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ እሱም ወረደ። ሁሴን በር ላይ፣ ወይዘሮ አስናቀች መደቧ ላይ ሆነው ያያሉ።

"እንግዲህ ፍርዴ አለቀ" አልኩ ደስ እያለኝና ትንሽ እየከፋኝ።

ሀጂ ከሹፌሩ ወንበር ወረዱ። ዞረው ሄደው በቀኝ በኩል ገቡና ተቀመጡ። ክንዳቸውን በአዲሱ መስኮት ወደ ውጭ አወጡ። ከዚያ ቁልፉን በመቀመጫዎቹ መካከል አሻግረው ዘረጉልኝ።

"ኢልማ ኮ" አሉኝ፣ "አንተ ንዳ። እኔ ሰላምታ አለብኝ።"

ቁልፉን ተቀበልኩ። በሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ወደ ተከፈተው በር አየሁ። መንገዱ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ። የሁሴን ምላጭ አየር ላይ ቀረ። ሮቤ ያደሩት ጋሽ ታዬ ሁለቱን ጆሮዎቻቸውን በመዳፋቸው ያዙ። መስታወቱ ሁለት ጣት ሳይሆን እስከ ታች መውረዱን ሁለቴ አረጋገጥኩ። ትከሻዬን አላላሁ፣ ጥርሴን ገለጥኩ፣ በሩን በሁለት ጣቴ ይዤ ሳብ አደረግኩት። አልተዘጋም። ደግሜ ሳብኩት። አልተዘጋም።

ሀጂ ወረዱ። ዞረው መጡና በሩን በመዳፋቸው ገፋ አደረጉት፤ "ጭክ" ብሎ ገጠመ። ተመልሰው ተቀመጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሀጂ ሹፌር እኔ ነኝ። በሩን ግን እሳቸው ናቸው የሚዘጉልኝ።